ከአቃቂ ወደ ባሕሩ፤ ታጁራንና ጅቡቲን በአራት ቀን

በአቃቂ አውራ ጎዳና ዳር ለጥቂት ደቂቃ የቆመ ሰው ባሕሩን ባያየው እንኳ የባሕሩን ዕቃ ሲያልፍ ያየዋል። ከቢሾፍቱ በኩል የሚመጣው ከባድ መኪና ተሳቢውን እየጐተተ፣ ኮንቴይነሩን እንደ ተሸከመ፣ ወደ ቃሊቲ ጉምሩክ ያዘግማል። በውስጡ ያለው ጨርቅ ይሁን መድኃኒት፣ ጎማ ይሁን የትምህርት ቤት መሣሪያ ከውጭ ለሚያየው አይታወቅም፤ ከየት እንደ መጣ ግን ልጅ እንኳ ያውቃል። አገራችን ከውጭ ከምታስገባውና ወደ ውጭ ከምትልከው ንግድ ከዘጠና በመቶ የሚበልጠው በጅቡቲ በኩል የሚተላለፍ በመሆኑ፣ የአቃቂ ልጅ ካርታ ማንበብ ከመማሩ በፊት «ጅቡቲ» የሚለውን ስም ከሾፌሮች አፍ እየሰማ ያድጋል። ይሁን እንጂ በዚያው መንገድ ዳር ካሉት ሻይ ቤቶች በአንደኛው ገብተን «ባሕር ያየ ማን ነው?» ብለን ብንጠይቅ፣ እጁን የሚያነሣው ሾፌሩና ረዳቱ ብቻ ነው።

ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ምክንያት የሆኑን ሦስት የአቃቂ ወጣቶች ናቸው። አንደኛው በአንድ መንግሥት መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ነው። ሁለተኛው ጓደኛው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሲሆን፣ ሦስተኛዋ የሒሳብ ሠራተኛው እኅት፣ በአንድ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ የምታስተምር ወጣት ናት። የወንድምና የእኅቲቱ አባት በቀድሞው የባቡር ኩባንያ የሐዲድ ጥገና ሥራ ሲሠሩ ያረጁ ሽማግሌ ናቸው። ወጣቶቹ በየወሩ ጥቂት ጥቂት ገንዘብ ሲያስቀምጡ ቆይተው ከጥምቀት በኋላ አራት ቀን ለማረፍ አሰቡና፣ ዕቅዳቸውን በደብተር ጽፈው «ጋሼ፣ እስቲ ይዩልን» ብለው አመጡልን። መምህርቷ ለመሄድ ያነሣሣትን ምክንያት ስትነግረን፣ «አንድ ተማሪዬ ማዕበል ሌሊት ያርፋል ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ ከመጽሐፍ ያገኘሁትን ነገርሁት፤ እኔ ግን ሰምቼው አላውቅም» አለችን።

በደብተሩ የተጻፈው ዕቅድ አጭር ነበር። በባቡር ወደ ጅቡቲ፤ በጅቡቲ ማረፍ፤ በባቡር ወደ አዲስ አበባ። እኛም ካነበብነው በኋላ ሁለት ነገር ቅር አለን። አንደኛው፣ ከአራቱ ቀን ሁለቱ በመንገድ ማለቃቸው ነው። ሁለተኛውና ዋናው ግን፣ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ያለችው ታጁራ በዕቅዱ ውስጥ ስሟ እንኳ አለመነሣቱ ነው። ይህን ስንነግራቸው ተማሪው ፈጠን ብሎ «ታጁራ ደግሞ ምን አለ?» ሲል ጠየቀን። ጥያቄው የእርሱ ብቻ ስላልሆነ፣ ስለ አውሮፕላንና ስለ ቪዛ ከማውራታችን በፊት ለዚሁ መልስ መስጠት ይገባናል።

ታጁራ በዚያ ጠረፍ ካሉት ከተሞች ሁሉ በዕድሜ ከቀደሙት አንዷ ናት። የአፋር ሱልጣኖች መቀመጫ ስትሆን፣ ቤቶቿ በኖራ የነጡ፣ ከበስተኋላዋ እስከ 1,700 ሜትርና ከዚያም በላይ ከፍ የሚለው የጎዳ ተራራ የቆመላት ትንሽ ከተማ ናት። «የሰባት መስጊዶች ከተማ» እየተባለችም ትጠራለች። የአዲስ አበባ ሰው ሊያውቀው የሚገባው ግን ሌላ ነው። አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ በፊት፣ ባቡርም ጅቡቲም ሳይኖሩ፣ የሸዋ መንግሥት ከባሕሩ ጋር የሚገናኝበት በር ይህች ከተማ ነበረች። ከአንኮበር ቁልቁል ወርዶ የአፋርን በረሃ የሚያቋርጠው የቅፍለት መንገድ የሚያልቀው በታጁራ ጠረፍ ነው።

በ1833 ዓ.ም. የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ ሆኖ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የተላከው ካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ ከመርከብ የወረደው በታጁራ ነው። በግንቦት ወር ከዚያ ደርሶ አንኮበር የገባው በሐምሌ ነበር። ውሉን ከንጉሡ ጋር የተዋዋለውም በኅዳር ወር 1834 ዓ.ም. ነው። ከእርሱም በፊት የወንጌል ሰባኪዎቹ ኢዘንበርግና ክራፕፍ፣ ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩርም በዚሁ በር ወደ ሸዋ ገብተዋል። በዚያው ዘመን እንግሊዞች በባሕረ ሰላጤው አፍ ያሉትን የሙሻ ደሴቶች ከታጁራ ሱልጣን በዐሥር ጆንያ ሩዝ እንደ ገዙ በታሪክ ተጽፎ ይገኛል። ዋጋው ዛሬ ያስቃል። ነገር ግን አንድ ደሴት በሩዝ የሚሸጥበት ጠረፍ፣ ከሩዙ ይልቅ ንጹሕ ውሃና እህል ምን ያህል ውድ የሆነበት ጠረፍ እንደ ነበር ማስተዋል ያሻል።

ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ ደግሞ ሌላ እንግዳ መጣ። በወጣትነቱ ቅኔ ጽፎ የተወው፣ ኋላም በሐረርና በዔደን ነጋዴ የሆነው ፈረንሳዊው አርቱር ራምቦ በ1878 ዓ.ም. ታጁራ ገብቶ፣ ለንጉሥ ምኒልክ የሚሸጠውን ሁለት ሺህ ያህል ጠመንጃ የሚጭንበት ግመልና የሚያልፍበት ፈቃድ ሲጠብቅ ወራት አሳለፈ። ሸሪኩ ታመመበትና ሞተ። ሌላው አብሮ ይጓዛል ተብሎ የታሰበውም ነጋዴ ሞተ። በ1879 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ብቻውን ቅፍለቱን ይዞ ተነሥቶ አንኮበር ሲደርስ አራት ወር ያህል ፈጅቶበታል፤ ንጉሡም በዚያ አልነበሩምና ወደ እንጦጦ መውጣት ግድ ሆነበት። እዚያም የሟች ሸሪኩ ባለገንዘቦች እየተከታተሉ ይዘውት፣ ያሰበውን ትርፍ ሳያገኝ ቀረ። ይህን ታሪክ የምናነሣው ስለ ገጣሚው ዝና አይደለም። ያን ጊዜ አራት ወር የፈጀውን ርቀት ዛሬ ከቦሌ የሚነሣ አውሮፕላን በአንድ ሰዓት ያህል እንደሚያልፈው፣ ወጣቱ መንገደኛ ከመስኮቱ ወደ በረሃው ቁልቁል ሲመለከት እንዲያስታውሰው ነው።

በታጁራ በኩል የወረደው ቡናና የዝሆን ጥርስ ብቻ አለመሆኑንም ሳንጠቅስ አናልፍም። ከደጋው አገር የተያዙ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ልጆች፣ በዚሁ መንገድ በእግራቸው ተነድተው ከታጁራ ጠረፍ በጀልባ ወደ ዐረብ አገር ይሸጡ ነበር። የባሪያ ንግድ በዚያ ወደብ እስከ 19ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ ድረስ የታወቀ ሥራ ነበር። ነጩን ቤትና ሰማያዊውን ውሃ አይተን ፎቶግራፍ አንሥተን ብቻ ብንመለስ ግማሹን አላየንም ማለት ነው። ከዚያ ጠረፍ ላይ ቆመው ባሕሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት ብዙዎቹ ኢትዮጵያውያን እንደ እኛ ለዕረፍት የሄዱ አልነበሩም።

ጅቡቲ ደግሞ ታናሺቱ ናት። ፈረንሳዮች በ1854 ዓ.ም. ከታጁራ በስተምሥራቅ ያለውን ኦቦክን በ10,000 ጠገራ ብር ለመግዛት ተዋዋሉ። ይሁን እንጂ የኦቦክ ወደብ ስላልተመቻቸው፣ መርከብ ከነፋስ የሚጠለልበትንና ወደ ሐረር ለሚወስደው መንገድ የሚቀርበውን የደቡቡን ጠረፍ መርጠው በ1880 ዓ.ም. ጅቡቲን መሠረቱ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም አገረ ገዢው ላጋርድ መቀመጫውን ወደዚያው አዛወረ። በመጋቢት ወር 1889 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በፈረንሳይ መካከል በተደረገው ውል ጅቡቲ የኢትዮጵያ ንግድ መውጫ በር እንድትሆን ተወሰነ። ከዚህ በኋላ የታጁራ ዕጣ ታወቀ።

የቀረውን የፈጸመው ባቡሩ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ በ1886 ዓ.ም. ፈቃድ ሰጥተው፣ ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። የሐረር ተራራ ለሐዲድ አስቸጋሪና ውድ በመሆኑ መሥመሩ ሐረርን ትቶ በቆላው በኩል በማለፉ፣ ድሬዳዋ የምትባል ከተማ ተወለደች፤ ባቡሩም በ1895 ዓ.ም. እዚያ ደረሰ። ኩባንያው ገንዘብ አጥሮት ከሰረና ሥራው ለዓመታት ቆመ። በ1900 ዓ.ም. ሌላ ኩባንያ ተረክቦት ሐዲዱ አዋሽን ተሻግሮ፣ ሞጆንና ቢሾፍቱን አልፎ፣ አቃቂ ደርሶ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። 784 ኪሎ ሜትር የሚሆነው፣ ስፋቱ አንድ ሜትር የነበረው ያ መሥመር አቃቂን የዋና ከተማዪቱ ደጃፍ አደረጋት። በኋላ ዘመን በዙሪያዋ ፋብሪካ የበዛውም ያለ ምክንያት አይደለም። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጋት ላይ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ወደ ስደት የወሰደው ባቡርም ያለፈው በዚሁ ሐዲድ ላይ ነው። ከሁለት ቀን በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ በጅቡቲ ወደብ «ኢንተርፕራይዝ» በተባለው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፈሩ።

እንግዲህ ተማሪው ለጠየቀን መልሳችን ይህ ነው፤ ታጁራ የፊተኛው በር ናት፣ ጅቡቲም የኋለኛው። አንደኛዪቱ እንድታድግ ሁለተኛዪቱ አነሰች፤ ያሳነሳትም ሐዲድ በአቃቂ ሰፈር መካከል ያለፈው ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ያላየ መንገደኛ አንደኛዋንም በትክክል አላያትም።

አሁን ወደ ዕቅዱ እንመለስ። ሽማግሌው አባት ልጆቻቸው በባቡር እንዲሄዱ አጥብቀው ይፈልጋሉ። ፍላጎታቸው ይገባናል። ነገር ግን እርሳቸው የጠገኑት ሐዲድ ወደ አዲስ አበባ ባቡር ካመጣ ዓመታት አልፈዋል። ዛሬ የሚሠራው በኤሌክትሪክ የሚሄደው፣ ስፋቱ ሜትር ከ43 ሳንቲም ተኩል የሆነው አዲሱ መሥመር ነው። ይህም መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመርቆ፣ ከታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ጀምሮ መደበኛ ሥራውን ይዟል። ለአቃቂ ሰው እንዶዴ ቅርቡ ቢሆንም የዕቃ ጣቢያ ነው፤ መንገደኛ የሚሳፈረው ከለቡ ነው። በጅቡቲም በኩል የሚወርድበት ናጋድ ከከተማው ወጣ ያለ ስለሆነ ከዚያ ሌላ መኪና ያስፈልጋል። የመንገደኛው ባቡር የሚነሣበት ቀን በየጊዜው ስለሚለዋወጥ፣ ጣቢያው ድረስ ሄዶ ሳይጠይቁ ፈቃድ መሙላት ትልቅ ስሕተት ነው። ሳምንት ፈቃድ ላለው ሰው ባቡሩን እናመሰግንለታለን፤ ድሬዳዋንም በመንገዱ ያያል። አራት ቀን ብቻ ላለው ግን፣ ቢያንስ በመሄጃው በአውሮፕላን መሄድ ይሻለዋል። በከባድ መኪኖቹ መንገድ በአዋሽና በሚሌ አድርጎ በጋላፊ መውጣት ደግሞ ለሥራ እንጂ ለዕረፍት አይመከርም።

ስለ ወራቱ ክርክር የለም። ከግንቦት እስከ መስከረም በጅቡቲ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ የሚወጣበት፣ አሸዋ የተሸከመ ነፋስ የሚነፍስበት ጊዜ ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ወር ለደገኛ የሚመች ነው። የረመዳን ጾም በየዓመቱ ወደ ኋላ እየተሳበ ስለሚመጣ ከነዚህ ወራት ጋር እንዳይገጥም አስቀድሞ መመልከት ያሻል። ሃይማኖቱን ማክበር አንድ ነገር ነው፤ ቀን ምግብ ቤት ተዘግቶ ሲጠብቅ ከርሞ ማማረር ሌላ ነው።

ወረቀቱም እንደዚሁ ቀድሞ መዘጋጀት አለበት። ፓስፖርቱ ቢያንስ ስድስት ወር የቀረው ይሁን። የቪዛውን ነገር ቲኬት ከመቁረጥ በፊት ጠይቆ መጨረስ ነው። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ከኢትዮጵያ ለሚሄድ መንገደኛ ስለሚጠየቅ፣ «አያዩትም» በሚል ተስፋ መሄድ አይገባም። ገንዘብን በሚመለከት፣ የጅቡቲ ፍራንክ ከ1973 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ ለአንድ የአሜሪካ ዶላር 177 ከጥቂት ሳንቲም ሆኖ ተወስኖ የቆየ በመሆኑ ሒሳቡ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ዋጋው ነው። የጅቡቲ ከተማ ኑሮ ከአዲስ አበባው እጅግ ይከብዳል። አብዛኛው ነገር ከውጭ የሚገባ ነው፤ አትክልቱና ጫቱ ከእኛው አገር ይሄዳል፤ የኤሌክትሪክ ኃይልም ከ2011 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ ከእኛ ይገዛሉ፤ ከሺኒሌ በኩል ከሐደጋላ የሚወጣ የጉድጓድ ውሃ እንኳ በቧንቧ ይሄድላቸዋል። ስለዚህ ጅቡቲ ላይ ውሃ የጠማው ኢትዮጵያዊ ከቧንቧው ሲጠጣ የሚጠጣው የአገሩን ውሃ ሊሆን ይችላል።

ወጣቶቹ ከእኛ ጋር ረጅም የተከራከሩት ግን በቅደም ተከተሉ ነው። የሒሳብ ሠራተኛው «መጀመሪያ ጅቡቲን እንይ፤ ጊዜ ከተረፈን ታጁራ እንሻገራለን» ይላል። ይህ አነጋገር ለጆሮ የሚጥም ቢሆንም፣ «ጊዜ ከተረፈን» የተባለ ነገር በአራት ቀን ጉዞ ተርፎ አያውቅም። እኛም ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚሁ ስሕተት ወድቀናል። ጅቡቲን በመጀመሪያ አይተን፣ ታጁራን ለመጨረሻው ቀን አስቀርተን ነበር። በሄድንበት ቀን ማታ ነፋስ ተነሣና የመመለሻው ጀልባ ሳይንቀሳቀስ ቀረ። በመኪና ለመዞር ሌሊቱን ሰው ስንለምን አድረን፣ አየር ማረፊያው ስንደርስ አውሮፕላኑ ከሄደ ቆይቶ ነበር። ተጨማሪው ቲኬትና የሆቴሉ ኪራይ ያሳጣንን ገንዘብ ዛሬም ስናስበው ይቆጨናል። ከታጁራ እንደ ወጣን ታጁራን ልብ ብለን አለማየታችን ግን ከገንዘቡ ይብሳል፤ ሰዓት ስናይ ዋልን እንጂ ከተማ አላየንም።

ስለዚህ ዕቅዱን ገለበጥነው። በመጀመሪያው ቀን አውሮፕላኑ እንዳረፈ በከተማው ሳይዘገዩ በቀጥታ ወደ ታጁራ መጓዝ ነው። መንገዱ ባሕረ ሰላጤውን በምዕራብ በኩል የሚዞር ሲሆን 170 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መኪናውን ሦስቱ ተካፍለው ቢከራዩት በሕዝብ መኪና ከመሄድ ይበዛባቸዋል፤ ነገር ግን በዚህ ላይ መቆጠብን አንመክርም። ምክንያቱም የሕዝብ መኪና ከአሳል ሐይቅ ዘንድ አይቆምም። ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ዝቅ ያለው፣ በአፍሪካ ምድር ከሁሉ የዘቀጠው ስፍራ ይህ ነው። ጨዋማነቱ ከባሕር ውሃ ዐሥር እጥፍ ያህል በመሆኑ ዳርቻው እንደ በረዶ ነጭ ነው። አፋሮች ከዚህ ጨው እየቆረጡ በግመል ወደ ደጋው አገር ሲያወጡ ኖረዋል። መምህርቷ ስለ ስምጥ ሸለቆ በሰሌዳ ላይ የምትሥለው ሥዕል ሁሉ በዚህ ስፍራ በዓይኗ ፊት ተዘርግቶ ታየዋለች። አቃቂን ከወጣን ጀምሮ ወደ ምሥራቅ ቁልቁል የሚወርደው ያ ሸለቆ ከባሕሩ ጋር ሊቀላቀል ጥቂት የቀረው እዚህ ላይ ነው። ከረፋዱ በኋላ ሙቀቱ ስለሚበረታ በሐይቁ ዳር ከግማሽ ሰዓት የበለጠ መቆየት አያስፈልግም። ኮፍያና ብዙ ውሃ ይያዝ።

ሁለተኛው ቀን ሙሉውን ለታጁራ ነው፤ ሁለት ሌሊትም እዚያው ማደር ነው። ተማሪው «በትንሽ ከተማ ሁለት ሌሊት ምን ይሠራል?» ማለቱ አልቀረም። የሚሠራ ነገር ከመብዛቱ የተነሣ አይደለም ሁለት ሌሊት የምንለው። ታጁራ ትዕይንት የምታሳይ ከተማ አይደለችም። ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ በጠረፉ ዳር ሲሄዱ ዓሣ አጥማጆች ጀልባቸውን ሲስቡ ይታያል። በመንደሩ ውስጥ ባሉት ጠባብ መንገዶች በመስጊዶቹ አጠገብ ሲያልፉ ድምፅን ዝቅ ማድረግ ነው። ቀትር ላይ ሁሉም ይተኛል፤ እንግዳም ይተኛ። ከዐሥር ሰዓት በኋላ ከተማው እንደገና ይነሣል። ያን ጊዜ ከጠረፉ ላይ ፊትን ወደ ጎዳ ተራራ አዙሮ መቆም ነው፤ የአንኮበር ሰው በስንት ሳምንት ጉዞ የወረደው ከዚያ ኋላ ነው። ከተማው ዛሬ ጨርሶ አልተኛም። ከአጠገቡ በ2017 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አዲስ ወደብ ተከፍቷል፤ ከዚያም በባልሆ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ጠረፍ የሚያወጣ አስፋልት ተሠርቷል። የድሮው የቅፍለት መንገድ በመኪና ተመልሶ መጣ ማለት ይቻላል።

ሌሊቱን ደግሞ መስኮት ከፍቶ መተኛት ነው። የመምህርቷ ተማሪ የጠየቀው ጥያቄ መልሱ የሚገኘው በጅቡቲ ወደብ፣ የክሬንና የመኪና ድምፅ በበዛበት ሳይሆን በዚህ ጸጥታ ውስጥ ነው።

በሦስተኛው ቀን የጀልባው ቀን ከሆነ በባሕር መመለስ ነው። የሚነሣበትን ቀን እንደ ደረሱ መጠየቅ ነው፤ ቀኑ ካልገጠመ ወይም ነፋስ ከተነሣ በመኪና ለመመለስ በቂ ጊዜ አለ። ጅቡቲ መጀመሪያ በባሕር የመጣውን እንግዳ እንድትቀበል የተሠራች ከተማ ናትና፣ ከመርከብ ላይ ሆኖ ስትቀርብ ማየት ከአየር ማረፊያው መንገድ ይልቅ ደስ ያሰኛል። በዚያ ወራት በባሕረ ሰላጤው ውስጥ ትልልቅ ሻርኮችን ለማየት ከሩቅ አገር የሚመጡ ሰዎች አሉ፤ ይህን ዋና ለሚችሉ እንተወዋለን።

በጅቡቲ ከተማ ብዙ ሰዓት የሚጠይቅ ነገር የለም፤ ትክክለኛው ሰዓት ግን ያስፈልጋል። ማታ ሲቀዘቅዝ፣ ቀድሞ የምኒልክ አደባባይ ይባል ወደ ነበረውና አገሪቱ ሰኔ 20 ቀን 1969 ዓ.ም. ነጻነቷን ካገኘች ወዲህ በዚሁ ቀን ስም ወደሚጠራው አደባባይ መሄድ ነው። በዙሪያው ባለ ቅስት በረንዳ ያላቸው የፈረንሳይ ዘመን ቤቶች ይታያሉ። ከዚያ በእግር ጥቂት ሲሄዱ በ1906 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተሠራው የሐሙዲ መስጊድ ሚናራው ከገበያው በላይ ብቅ ብሎ ይገኛል። በገበያው ውስጥ ሶማልኛው፣ አፋርኛው፣ ዐረብኛውና ፈረንሳይኛው ሲደባለቅ፣ ከመካከሉ አማርኛ ቢሰማ አያስደንቅም። የየመን ሰዎች እንደሚያደርጉት ለሁለት ተሰንጥቆ በምድጃ የተጋገረ ዓሣ ከትልቅ ቂጣ ጋር ቀርቦ ሳይበሉ መመለስ ደግሞ ትልቅ ጉዳት ነው። ዓርብ ዕለት መሥሪያ ቤቱም ሱቁም ስለሚዘጋ ይህ ቀን ለጅቡቲ እንዳይደርስ ቀኑን አስቀድሞ መቁጠር ይገባል።

አንድ ነገር አደራ እንላለን። ወደቡን፣ አየር ማረፊያውንና የጦር ሰፈሮችን ፎቶግራፍ ማንሣት አይገባም። በዚያች ትንሽ አገር የፈረንሳይ፣ የአሜሪካ፣ የጃፓን፣ የኢጣሊያና የቻይና ጦር ሰፈሮች ይገኛሉ። ሸዋን ከዓለም ጋር ያገናኘው ጠረፍ ዛሬም የኃያላን ዓይን አልተለየውም። ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ ይህን ሲያይ ስለ ወደብ ኪራይና ስለ ጉምሩክ በቢሮው የሚያገላብጠው ወረቀት ምን እንደሚመዝን የበለጠ ይገባዋል ብለን እናምናለን።

አራተኛው ቀን ጠዋት የአሮጌው ባቡር ጣቢያ የነበረበትን ሰፈር ለማየት ይሁን አልን። ይህን ያስገባነው ስለ ሽማግሌው ነው። ሦስቱ ወጣቶች ተስማምተው ደብተሩን ካስተካከሉ በኋላ አቃቂ ወደሚገኘው ቤታቸው አብረን ሄደን ዕቅዱን አነበብንላቸው። ሽማግሌውም ዝም ብለው አዳምጠው ሲያበቁ፣ «ታጁራን እኔም አላየኋት፤ ጅቡቲ እየደረስሁ ባሕሩን በወዲያኛው በኩል አይቼ ነበር የምመለሰው» አሉ። ቀጥለውም፣ ቀዳሚው ጣቢያ ሲገኝ ከሐዲዱ ሥር አንዲት ጠጠር እንዲያመጡላቸው ልጃቸውን አዘዙት። የባቡሩ ነገር ግን ከልባቸው ስላልወጣ፣ አንድ ቀን ተጨማሪ ጊዜ ያለው ተማሪው መመለሻውን የባቡሩ ቀን ከገጠመ በባቡር እንዲያደርግና ያየውን መጥቶ እንዲነግራቸው ተስማሙ።

ከቤቱ ስንወጣ መሽቷል። ከባድ መኪኖቹ አሁንም መብራታቸውን አብርተው ወደ ቃሊቲ ያልፋሉ። መምህርቷ እስከ መንገዱ ድረስ ሸኘችንና የክትባቱን ነገር እንደገና ጠየቀችን። የቢጫ ወባ ክትባት የሚጸናው ከተወጉት ከዐሥር ቀን በኋላ መሆኑን ነገርናት። እርስዋም በጣቷ ቆጥራ፣ «እንግዲያውስ ሰኞ ጠዋት ሦስታችንም እንሄዳለን» ብላ ተመለሰች።